ፕሩዊት-አይጎን ማን አፈረሰው? የአርክቴክት ሚኖሩ ያማሳኪ ጉዳይ

ሚኖሩ ያማሳኪ ብዙ ሕንጻ ነድፏል። ሰው የሚያስታውሰው ግን በፈረሱበት ነው። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የወደቁት የኒውዮርክ መንትያ ሕንጻዎች የእሱ ናቸው። ከዚያ 29 ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ የነደፈው ግዙፍ የመኖሪያ መንደር በመንግሥት ውሳኔ በፈንጂ መደርመስ ጀመረ። የኒውዮርኩ የአሸባሪዎች ሥራ ነው፤ ስለ አርክቴክቱ ብዙም የሚነግረን ነገር የለም። የሴንት ሉዊሱ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። እዚህ የምናየው እሱን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንደሩ ፕሩዊት-አይጎ ይባላል። አርክቴክቸር ተምሮ የዚህን መንደር ፎቶ ያላየ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ባለ 11 ፎቅ ሕንጻ ወገቡ ተሰብሮ አቧራ ውስጥ ሲሰምጥ ያሳያል። ከፎቶው ጋር የሚነገረው ታሪክም ያው ነው። አርክቴክቱ ለሰው የማይሆን ቤት ሠራ፣ ነዋሪዎቹ አበላሹት፣ መንግሥት ጨረሰው ይባላል። ይሄ ታሪክ ለእኔ አይዋጥልኝም። ያማሳኪን ከደሙ ንጹህ የሚያደርገው ተቃራኒው ታሪክም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያሳምነኝም።

መጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው። በ1912 ሲያትል ውስጥ ከጃፓን ከመጡ ወላጆች ተወለደ። ቤተሰቡ ድሃ ነበር። ልጁ አርክቴክት ለመሆን የቆረጠው፣ አርክቴክት የነበረ አጎቱ ሊጠይቃቸው መጥቶ ንድፎቹን ዘርግቶ ሲያሳየው ነው። የዩኒቨርሲቲ ወጪውን ለመሸፈን አምስት በጋ አላስካ ወርዶ ሳልመን ዓሣ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች ውስጥ ሠራ። ክፍያው በወር 50 ዶላር ነበር፤ ለትርፍ ሰዓት ደግሞ በሰዓት 25 ሳንቲም ይታሰብለታል። በ1934 ኒውዮርክ ሲገባ ኪሱ ውስጥ 40 ዶላር ነበረው። ሥራ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አገሩ በኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ነው። ዲግሪውን ይዞ፣ ከውጭ ዕቃ ለሚያስመጣ ድርጅት ሳህን ሲጠቀልል ቆየ።

በኋላ ኢምፓየር ስቴት የተባለውን የኒውዮርክ ረጅም ሕንጻ ወደ ነደፈው ወደ ሽሪቭ፣ ላምብ ኤንድ ሃርሞን ቢሮ ገባ። ዲሴምበር 5 ቀን 1941 አገባ። ከሁለት ቀን በኋላ ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ደበደበች። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ወደ ማጎሪያ ካምፕ ሲጋዙ፣ ያማሳኪ ወላጆቹን ከሲያትል አስመጥቶ ጠባብ አፓርታማው ውስጥ አስጠጋቸው። ከካምፕ የተረፉት በዚህ ነው።

በ1945 ዲትሮይት ወደሚገኝ ትልቅ ቢሮ ተዛወረ። በ1949 ከጆርጅ ሄልሙዝና ከጆሴፍ ላይንዌበር ጋር የራሳቸውን ድርጅት ከፈቱ። ስሙ ከገነነ በኋላ እንኳ በዲትሮይት ዙሪያ ባሉት የባለጠጋ ሰፈሮች ቤት መግዛት አልቻለም፤ ለጃፓናዊ አይሸጥም ነበር። ትሮይ በምትባል አካባቢ የቆየ የገበሬ ቤት ገዝቶ ኖረ። ይሄን የማነሳው ያለ ነገር አይደለም። የሰውን መኖሪያ ዘሩ ሲወስንበት ምን ማለት እንደሆነ ይህ ሰው ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ወደ ሴንት ሉዊስ እንሂድ። በ1950 ከተማዋ 856,796 ሕዝብ ነበራት። የከተማው ፕላነሮች ቁጥሩ ገና ይጨምራል ብለው ነበር። መሀል ከተማ አካባቢ ያሉት የድሆች ሰፈሮች የተጨናነቁና ያረጁ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ቤቶች ሽንት ቤታቸው ደጅ ነው። በ1949 የወጣው የአሜሪካ የቤቶች ሕግ ደሳሳ ሰፈሮችን ለማፍረስና የመንግሥት ቤት ለመሥራት ገንዘብ ፈቀደ። ከንቲባው ጆሴፍ ዳርስት የኒውዮርክን ረጃጅም ሕንጻዎች ይወዱ ነበር። ሥራው ለእነያማሳኪ ተሰጠ።

ስሙ የሁለት ሰዎች ነው። ዌንዴል ፕሩዊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ የሴንት ሉዊስ ልጅ፣ ጥቁር አብራሪ ነበር። ዊልያም አይጎ ደግሞ ነጭ፣ የቀድሞ የኮንግረስ አባል። ሁለት ስም ያስፈለገው መንደሩ በዘር የተከፈለ እንዲሆን ስለታሰበ ነው፤ የፕሩዊት ወገን ለጥቁሮች፣ የአይጎ ወገን ለነጮች።

የያማሳኪ የመጀመሪያ ሐሳብ ሰዎች ከሚያስቡት ይለያል። ረጅሙን፣ መካከለኛውንና ዝቅ ያለውን ቤት ቀላቅሎ ነበር የነደፈው። በመካከላቸው አረንጓዴ ቦታ እንዲኖር ፈለገ። ንድፉ ለፌዴራል መንግሥቱ ዋሽንግተን ሄዶ ተመለሰ። ዝቅ ያሉት ቤቶች ተሰረዙ፤ በሄክታር የሚገባው ሰው ብዛት ጨመረ። ለእያንዳንዱ ቤት የሚወጣው ገንዘብ ጣሪያ ተቀመጠለት። የኮሪያ ጦርነት የግንባታ ዕቃ ዋጋ አስወድዶ ስለነበር ጣሪያው ይበልጥ ጠበበ። መጨረሻ ላይ የቀረው 33 ሕንጻ ነው፤ ሁሉም ባለ 11 ፎቅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። በ23 ሄክታር ላይ 2,870 ቤት።

ያማሳኪ ምን ተሰማው? በ1952 አንድ የሙያ መጽሔት ላይ ካትሪን ባወር ከምትባል የቤቶች ጉዳይ አዋቂ ጋር ተከራክሯል። እሷ ረጅም ሕንጻ ለቤተሰብ አይሆንም ባይ ናት። እሱም ዝቅ ያለ ቤት እንደሚሻል አልካደም፤ እዚያው ጽሑፉ ላይ አምኗል። ነገር ግን ደሳሳውን ሰፈር ለማጥፋት ካለው ገንዘብና መሬት አንጻር ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው አለ። ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ሰውየው የሚሻለውን ያውቃል። የማይሻለውን ሠራ። ሥራውን ጥሎ መውጣት ይችል ነበር፤ አልወጣም። ገና ስም የሌለው ወጣት ቢሮ እንዲህ ያለ ትልቅ ፕሮጀክት ጥሎ ይወጣል ወይ ብትሉኝ፣ አይወጣም። ግን ምርጫ ምርጫ ነው።

ያማሳኪ በቀረለት ነገር ብልሃት ለመፍጠር ሞከረ። ብልሃቱ ሊፍቱ ላይ ነው። ምድሩን አንድ ብለን ስንቆጥር፣ ሊፍቱ የሚቆመው 1ኛ፣ 4ኛ፣ 7ኛና 10ኛ ፎቅ ላይ ብቻ ነበር። 6ኛ ላይ የምትኖር እናት 7ኛ ላይ ከሊፍቱ ትወጣና አንድ ፎቅ በደረጃ ትወርዳለች። 8ኛ ላይ ያለችው ደግሞ ከ7ኛ አንድ ትወጣለች። ማንም ከአንድ ፎቅ በላይ በእግሩ አይሄድም። የሊፍቱ በርና ማቆሚያ ስለሚያንስ ወጪ ይቀንሳል። ሊፍቱ በሚቆምባቸው ፎቆች ላይ ደግሞ ሰፊ ኮሪደር ተሠራ፤ ርዝመቱ 26 ሜትር ያህል፣ ስፋቱ ከ3 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ። ልብስ ማጠቢያውና ዕቃ ማስቀመጫው እዚያ ነው። ንድፉ ላይ እናቶች ቆመው ሲያወሩ፣ ልጆች ሲጫወቱ ይታያል። የሰፈር ደጃፍ ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። በ1951 አርክቴክቸራል ፎረም የተባለው መጽሔት ይሄን ሐሳብ አሞግሶ ጻፈ።

ወረቀት ላይ ያምራል። ወደ ሕይወት ሲመጣ ምን ሆነ? ኮሪደሩ የማንም ሳይሆን ቀረ። የማንም ቤት በር በቀጥታ እሱ ላይ አይከፈትም፤ ከመስኮት ሆኖ የሚያየውም የለም። ጥበቃ የለም። አምፖል ሲሰበር የሚቀይር የለም። ሊፍት የማይቆምበት ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በየቀኑ፣ ሲወጣም ሲገባም፣ በጨለማ ደረጃ ማለፍ አለበት። ለዘራፊ ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም።

ቁጠባው ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ። በመጀመሪያው ሐሳብ የነበሩት የልጆች መጫወቻና የአትክልት ቦታ አብዛኛው ተሰረዘ። ምድር ቤት ሊሠራ የታሰበው የሕዝብ ሽንት ቤትም ቀረ። እስቲ አስቡት። የአምስት ዓመት ልጅ ሜዳ ላይ ይጫወታል። ቤቱ 9ኛ ፎቅ ነው። ሽንቱ መጣበት። ሊፍቱን ጠብቆ፣ 10ኛ ወጥቶ፣ አንድ ፎቅ ወርዶ እስኪደርስ አይቆይለትም። ስለዚህ ሊፍቱ ውስጥ ይሸናል። ሊፍቱ ሁሌ የሚሸተው ለዚህ ነው። በኋላ የመጡ ተቺዎች ሽታውን ያዩት እንደ ድህነት ባህል ነው። የሽንት ቤት እጦት ነበር።

የበር እጀታና ቁልፎች ከርካሽ ዕቃ የተሠሩ ስለነበሩ አንዳንዶቹ ገና ከመጀመሪያው ተሰበሩ። መስኮቶቹን ንፋስ ይገነጥላቸው ነበር። የእንፋሎት ቧንቧዎቹ ሳይሸፈኑ ስለተተዉ ልጆች ተቃጥለውባቸዋል።

ያም ሆኖ በ1954 የገቡት የመጀመሪያዎቹ ተከራዮች ደስተኞች ነበሩ። ብዙዎቹ ቧንቧ ከሌለው ቤት የመጡ ናቸው። ሙቅ ውሃ አለ፣ የራስ ሽንት ቤት አለ፣ ልጆቹ የየራሳቸው አልጋ አላቸው። በ1957 ከቤቶቹ 91 በመቶ ያህሉ ተይዘው ነበር። ሕንጻው በራሱ ሰው የማያኖር ቢሆን ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር።

ከዚያ በኋላ መውረድ ጀመረ። ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው፣ እሱም የገንዘቡ አሠራር ነው። በ1949ኙ ሕግ መሠረት የፌዴራል መንግሥት የግንባታውን ወጪ ይሸፍናል። ጥገና፣ ጽዳት፣ ሊፍት፣ ጥበቃ፣ ሁሉም ከኪራይ ነው የሚወጣው። ኪራዩን የሚከፍለው ደግሞ የከተማው ድሃ ነው። ቤቱ ሙሉ ሲሆን ሂሳቡ እንደምንም ይሄዳል። ሰው ሲወጣ ገቢ ይቀንሳል። ገቢ ሲቀንስ ጥገና ይቆማል። ጥገና ሲቆም የቻለ ሁሉ ይወጣል። ክፍተቱን ለመሙላት ኪራይ ይጨመራል፤ ያን ጊዜ የቀረውም ይወጣል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ጥገና የሚሠራበት ሳንቲም አልነበረም።

ሰው ለምን ወጣ? አንደኛ፣ በ1955 ፍርድ ቤት በመንግሥት ቤቶች ውስጥ የዘር ክፍፍል እንዲቀር አዘዘ። ነጮቹ አብሮ ከመኖር መልቀቁን መረጡ፤ መንደሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል የጥቁሮች ሆነ። ሁለተኛ፣ ከተማዋ ራሷ ባዶ እየሆነች ነበር። የፌዴራል መንግሥቱ በሌላ እጁ ከከተማ ዳርቻ ቤት ለሚገዙ ነጮች ብድር ዋስትና ይሰጣል፣ አውራ ጎዳና ይዘረጋል። ፋብሪካውም ተከትሎ ወጣ። በ1970 የሴንት ሉዊስ ሕዝብ 622,236 ደርሶ ነበር። በ20 ዓመት ከ230 ሺህ በላይ ሰው አጣች ማለት ነው። ለምታድግ ከተማ የተሠራ መንደር የምትኮማተር ከተማ ውስጥ ቀረ።

አንድ ሌላ ሕግ አለ፣ እሱን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። በሚዙሪ ግዛት ቤት ውስጥ መሥራት የሚችል ወንድ ካለ እናትየዋ የመንግሥት ድጎማ አታገኝም ነበር። ስለዚህ አባት ልጆቹ እንዲበሉ ብሎ ከቤት ይወጣል፣ ወይም ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይደበቃል። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ያሉበት መንደር አባቶቹን በሕግ አስወጣ። ከዚያ ጎረምሶቹን የሚቆጣ የለም ተብሎ ወቀሳው ወደ ኮሪደሩ ዞረ።

እስካሁን የተናገርኩት ያማሳኪን ነጻ የሚያወጣ ይመስላል። ግን ከመንደሩ መንገድ ተሻግሮ ካር ስኩዌር ቪሌጅ የሚባል ሌላ የመንግሥት ሰፈር ነበር። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ በር አለው። ነዋሪዎቹ በገቢም በዘርም ከፕሩዊት-አይጎዎቹ እምብዛም አይለዩም። ከተማው ያው፣ አስተዳዳሪውም ያው። ፕሩዊት-አይጎ ሲፈርስ ካር ስኩዌር በሰው ሙሉ ነበር፤ ችግሩም ቀላል ነበር። አርክቴክቱ ኦስካር ኒውማን ይሄን ንጽጽር ይዞ ተነሳ፤ ሰው የኔ ነው ብሎ የሚጠብቀው ደጃፍ ያስፈልገዋል አለ። ንጽጽሩ እንከን የለሽ አይደለም፤ ካር ስኩዌር በጣም ያነሰ ሰፈር ነው፣ ለመጠገንም ይቀላል። ቢሆንም አልፎ መሄድ አይቻልም። በጀት የሌለው ዝቅ ያለ ቤት ተቸግሮም ይኖራል። በጀት የሌለው ባለ ሊፍት ሕንጻ ይሞታል። ያማሳኪ ይሄን በ1952 በገዛ እጁ ሊጽፈው ምንም አልቀረውም ነበር።

በ1969 የሴንት ሉዊስ የመንግሥት ቤት ተከራዮች ኪራይ አንከፍልም ብለው አደሙ። አንዳንዶቹ ከገቢያቸው ሦስት አራተኛውን ለኪራይ ይከፍሉ ነበር። አድማው ዘጠኝ ወር ቆየ። በዚያው ዓመት ኮንግረስ በሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ ስም የሚጠራውን ማሻሻያ አጸደቀ፤ የመንግሥት ቤት ተከራይ ከገቢው ከሩብ በላይ እንዳይከፍል ተደረገ። በኋላ ወደ 30 በመቶ ከፍ ብሏል። ለፕሩዊት-አይጎ ግን ረፍዶ ነበር። በ1971 ከ33ቱ ሕንጻዎች 16ቱ በጣውላ ታሽገው ነበር፤ በ17ቱ ውስጥ የቀሩት 600 ያህል ሰዎች ናቸው።

ማርች 16 ቀን 1972 የመጀመሪያው ሕንጻ በፈንጂ ወረደ። ማፍረሱ እስከ 1976 ቀጠለ። በ1977 አንድ ስመ ጥር ተቺ ዘመናዊ አርክቴክቸር ጁላይ 15 ቀን 1972 ከቀኑ 9፡32 ሰዓት ላይ ሞተ ብሎ ጻፈ፤ መንደሩም ሽልማት ያገኘ ነው አለ። ማፍረሱ ከዚያ ቀን አራት ወር ቀደም ብሎ ነው የጀመረው። ከአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር የተሰጠ ሽልማትም የለም። ሁለቱም ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ፤ ጥሩ ታሪክ ሆነዋላ።

ያማሳኪ ራሱ ምነው ባልሠራሁት ማለቱ ይነገራል። ጤናውም ተቃውሶ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሴንት ሉዊስና በዲትሮይት መካከል ሲመላለስ የጨጓራ ቁስለት ያዘው፤ ለሞት ቀርቦ አብዛኛው ጨጓራው ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ በኮቤ ከተማ የአሜሪካ ቆንስላን እንዲነድፍ ተልኮ ጃፓንን አየ፤ በሕንድና በአውሮፓ በኩል ተመለሰ። ታጅ ማሃልን ሲያይ ፈዞ ቀረ። ሰው ሕንጻ ውስጥ ሲገባ እርጋታና ደስታ ሊሰማው ይገባል የሚለው አቋሙ ከዚህ ጉዞ በኋላ ጠነከረ። በዲትሮይት የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲው የማክግሬጎር አዳራሽ፣ ቀጥሎም የሳዑዲው የዳህራን አየር ማረፊያ የዚህ ፍሬ ናቸው። የዳህራኑ በሳዑዲ የገንዘብ ኖት ላይ ታትሞ ነበር። በ1963 ታይም መጽሔት ፊቱን ሽፋን ላይ አወጣው።

መንትያዎቹ የኒውዮርክ ሕንጻዎች ሥራም የመጣው በ1962 ነው። ባለ 110 ፎቅ ናቸው። እዚያም ሊፍት ዋናው ጣጣ ነበር። መፍትሔው ፈጣን ሊፍት ሰዉን እስከ 44ኛውና 78ኛው ፎቅ አድርሶ፣ ከዚያ በሌላ ሊፍት ማከፋፈል ሆነ። ሊፍት በየፎቁ እንዳይቆም የማድረጉን ሐሳብ እንደገና ተጠቀመበት፤ በዚህ ጊዜ ግን ሠራለት፤ ጥበቃም የጥገና ባለሙያም ሞልቷል። መስኮቶቹን 45 ሳንቲሜትር ስፋት ብቻ የሰጣቸው ከፍታ ስለሚፈራ ነው። ሕንጻዎቹ አፕሪል 4 ቀን 1973 ሲመረቁ ሴንት ሉዊስ ላይ የማፍረሱ ሥራ ገና አላለቀም። ያማሳኪ በ1986 አረፈ።

ጥፋቱን ለአርክቴክቱ ብቻ የሚሰጡ ሰዎች አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ቢሮው ፕሩዊት-አይጎን በሚሠራበት በዚያው ዘመን፣ እዚያው ሴንት ሉዊስ፣ የላምበርት አየር ማረፊያን ተርሚናልም ነድፏል። ሦስት ትላልቅ፣ ስስ የኮንክሪት ጉልላቶች እርስ በርስ ተያይዘው፣ በመካከላቸው መስታወት። በ1956 ተከፈተ፤ የአርክቴክቶች ማኅበሩም ሸለመው። የአየር ማረፊያው ባለቤት የተሠራውን የሚንከባከብበት ገንዘብ ነበረው። በ1965 መንገደኛ ሲበዛ አራተኛ ጉልላት ተጨመረለት። በዚያው ዓመት የፕሩዊት-አይጎን የተሰባበረ ነገር ለመጠገን ከዋሽንግተን ጥቂት ሚሊዮን ዶላር እየተጠበቀ ነበር። ተርሚናሉ ዛሬም መንገደኛ ያስተናግዳል።